ሰባት ቤት የቆጠረው ኮምፒዩተር

ጡረታ በወጣሁበት ዕለት፣ የስንብቱ ዳቦ ተቆርሶ ካበቃ በኋላ፣ አንድ የረሳሁትን ሥራ ልጨርስ ብዬ ወደ ካርድ ክፍል ተመለስሁ። ኮምፒዩተሩ ላይ ስሜንና የይለፍ ቃሌን ጻፍሁ። «ፈቃድ የለዎትም» አለኝ። ደግሜ ጻፍሁ፤ ያው ነው። ተተኪዬ ብርቱካን አጠገቤ ተቀምጣ እፍረት ያዛት። «ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም የዘጋሁብዎት፤ ራሱ ነው» አለች። ራሱ መሆኑንማ አውቃለሁ። ሠራተኛ በተሰናበተበት ቀን በሩ ይዘጋበት የሚለውን ደንብ ሲስተሙ ውስጥ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ያበጀሁት ቁልፍ እኔኑ ሲከለክለኝ የተሰማኝን ደስታ የሸለሙኝ ጋቢ አልሰጠኝም። ጋቢውም ሸጋ ነው፤ እሱን አላማውም።

ለማያውቅ ሰው ሥራዬን ባጭሩ ልንገር። የሕሙማን ካርድ ጠባቂ ነበርሁ። ሐኪም ሰውን ያያል፤ እኔ የሰውየውን ካርድ አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ማን እንዳየውና ማን እንዳላየው እከታተላለሁ። መጀመሪያ የተቀጠርሁት ከትክል ድንጋይ ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። አለቃዬ ደግ ድሬሰር ነበር። እጁ መድኃኒት ነው፤ አፉ ግን በር የለውም። በገበያ ቀን በመስኮት ብቅ ይልና «ያ የጨብጡ ሰውዬ ይግባ» ብሎ ይጣራል። ሰውዬው በምን ዓይኑ ይገባል፤ ሌላ ሰው መስሎ ጨው ሊሸምት ይሄዳል። ምነው እንዲህ ትላለህ ስለው «ስሙን ረሳሁት፣ በሽታውን ግን አልረሳሁም» አለኝ። በሽታ እያለው ሳይታከም የሚቀር ሰው እንዳለ ያወቅሁት በዚያ መስኮት ነው።

ቀጥሎ ወደ ማክሰኝት ተዛወርሁ። እዚያ ጠላቴ ምስጥ ነበር። የታችኛውን መደርደሪያ በልቶ ሲጨርስ፣ አንድ ክረምት ሙሉ የተረፈውን ወረቀት እያራገፍሁ ስገጣጥም ከረምሁ። የደመወዙን ነገር እንለፈው፤ ሲወራም አያምር። ከማክሰኝት ጎንደር ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ተዛወርሁና አያ መርሻ እጅ ወደቅሁ።

አያ መርሻ የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። የቄስ ልጅ ናቸው። ራሳቸውም ድጓ ጀምረው ሳለ ዓይናቸው ታመመና ሊታከሙ ሆስፒታል መጡ፤ ሲድኑ እዚያው ተቀጥረው ቀሩ። ጎንደር ውስጥ ድጓውን ትቶ ካርድ የያዘ ሰው እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ንግግራቸው ከግዕዝ አይርቅም። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድመው «ምሥጢረ ነፍስ ኀበ ካህን፣ ምሥጢረ ሥጋ ኀቤነ» ይሉታል። የነፍስ ምሥጢር ካህኑ ጋ ነው፣ የሥጋው ግን እኛ ጋ ነው ማለታቸው ነው። ካርድ ስንሰጥ ስሙ የተጻፈበትን ፊት ደፍተን ነው። ሕመምተኛ ሲናገር አንገት ማቅናት ክልክል ነው። ከመደርደሪያ አንድ ካርድ የሚፈልግ ሰው ሦስት አራቱን አብሮ ስቦ ያወጣል፤ አጠገቡ የቆመ ሰው የትኛውን እንደፈለገ እንዳያውቅ። መጀመሪያ ሳየው የሽማግሌ ጣጣ መስሎኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላኝ እጄ ራሱ ለመደው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የዘመድ ነገር ነው። ካርድ ሊያወጣ የተነሣውን ሠራተኛ ሁሉ «ምንህ ነው?» ብለው ይጠይቁታል። ዘመድ ከሆነ ካርዱን ሌላ ሰው ያወጣዋል። የራሳቸው ዘመድ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ለእኔ ይነግሩኝና ከክፍሉ ወጥተው፣ ግቢው ውስጥ ወይራው ሥር ይቆማሉ። ካርዱ ታይቶ እስኪመለስ አይገቡም። ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ዓይናቸውን ቢያዞሩስ ምን ነበረበት ብዬ አውቃለሁ። «ዓይኔን አምነዋለሁ፤ ጆሮዬን ግን አላምነውም» አሉኝ።

ታዲያ ሰው ሞኝ አይደለም። ግቢው ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ነገሩን ደረሱበት። «አያ መርሻ ወይራው ሥር ቆመዋል፤ ከወገናቸው አንዱ ታሟል» እየተባለ፣ ወሬው ከሕመምተኛው ቀድሞ ቤት መግባት ጀመረ። አያ መርሻ ይህን ሲሰሙ ሁለት ቀን አኮረፉ። ከዚያ በኋላ ያለ ምክንያትም እየወጡ ይቆሙ ጀመር። ዝናብ ሲጥል ሳይቀር ጃንጥላ ዘርግተው ይቆማሉ። አለቆቹ ሥራ ፈቱ ብለው ያሟቸዋል። እኔ ግን ጠይቄያቸው ነበር። «ዘመድ ሲታመም ብቻ ከወጣሁማ መውጣቴ ራሱ አዋጅ ሆነ ማለት አይደል?» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር ያስተማረኝ። ግትርነታቸው አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር፤ ግን እወዳቸዋለሁ።

ካርዱ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ አያ መርሻ ጡረታ ወጥተው ነበር። ሲስተሙን የሚተክሉ ሰዎች መጡና፣ ሕይወት የምትባል ልጅ ለሥልጠና ከባሕር ዳር ተላከች። ማን ምን ማየት እንዳለበት የሚወስን አንድ ሰው ያስፈልጋል ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞረ። ካርድ አውቃለሁ ብለው ነው፤ ጣጣውን የሚፈልገው ሌላ ሰውም አልነበረም። ኮምፒዩተር የነካሁት ያን ጊዜ ነው፤ ማውስ የሚሏትን አይጥ ስይዛት እጄ ያልበኝ ነበር። ሕይወት ግን ታጋሽ ነበረች። እሷ ሲስተሙን ታሳየኛለች፣ እኔ የሆስፒታሉን ሰው አሳያታለሁ፤ ተስማማን።

ለእያንዳንዱ የሥራ ዓይነት አንድ ቡድን አበጀን። ሐኪም ፋይሉን ሁሉ ያነባል፣ ይጽፍበታል። ላቦራቶሪ የታዘዘውን ምርመራ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ አያልፍም። መድኃኒት ቤት ማዘዣውን ያያል። ገንዘብ ተቀባይ ሒሳቡን እንጂ በሽታውን አያይም። ካርድ ክፍል ስምና ቁጥር ያወጣል፤ ውስጡን አይከፍትም። በሩን የምከፍተውና የምዘጋው እኔም ወደ ውስጥ አልገባም። ይህችኛዋን ደንብ በግድ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሕይወት እኔን አድሚን ነው የምትለኝ፤ «አድሚን ሁሉን ቢያይ ለሥራ ይቀላል» ብላኝ ነበር። «ቁልፍ የያዘ ሁሉ ባለቤት ነው ወይ?» አልኋት፤ ሳቀችና ዘጋችው።

እሷ ካስተማረችኝ ሁሉ የወደድኋት አንዲት ደንብ ነበረች። አንድ ሰው ሁለት ቡድን ውስጥ ቢኖርና አንዱ ቡድን ቢፈቅድለት፣ ሌላው ቢከለክለው፣ ከልካዩ ያሸንፋል። ሽማግሌ ሁሉ እሺ ብሎ አንዲት እናት እንቢ ካለች ጋብቻው እንደሚቀር ማለት ነው። ሥራውን የምንፈትነውም በሌለ ሕመምተኛ ነው። አቶ ሙከራ የሚባል ሰው ፈጠርንና ያለውን በሽታ ሁሉ ጫንንበት። በእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም እየገባን ማን ምኑን እንደሚያይ እንፈትሻለን። ሠራተኛው ሁሉ ጠዋት ጠዋት «አቶ ሙከራ እንዴት አደሩ?» እያለ ይቀልድብን ነበር። ዲሬክተራችን ብቻ ቸኩለው «ምነው ይህን ያህል ታጠብቁታላችሁ፣ ሁሉም ቃለ መሐላ የፈጸመ ሠራተኛ ነው» ይሉን ነበር።

ነገር ግን ቡድኖቹ የተሠሩት በሥራ ዓይነት ነው። እኛ ሀገር ሰው ቢሮ ሲገባ ዘመዶቹን ደጅ ትቶ አይገባም። ይህን ያስታወሰችን እናኑ ናት።

እናኑ አስተማሪ ናት፤ ቤቷ ፀዳ የሚባለው ቦታ ነው። ስሟን ቀይሬዋለሁ። ታሪኩን እንድጽፍ የፈቀደችልኝም አማቷ ካረፉ ወዲህ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት። በክኒን ተይዞላታል፤ ግን በእኛ በኩል ይህ በሽታ ስሙ ክፉ ነው። የታመመችበት ቤት ብርጭቆ እንኳ ይለያል። ባሏ ጌታነህ አናጢ ነው፤ እህቱ ሰናይት ደግሞ የኛው ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ስለዚህ እናኑ ካገባች ጀምሮ ክኒኗን ለመውሰድ ሥልጠና አለብኝ እያለች ባሕር ዳር ትመላለስ ነበር።

«ጋሽ አስማረ፣ መንገዱ ሰለቸኝ» አለችኝ ቢሮዬ መጥታ። «ባሌ ሥልጠና የማያልቅባት ጎበዝ አስተማሪ አድርጎ ያወራልኛል። እዚሁ ልታከም። ግን የሱም ሆነ የኔ ዘመድ ፋይሌን እንዳይከፍት አድርግልኝ።»

«ዘመድ ስትይ እስከ የት?»

«እኔ ምን አውቄ። ዘመድ የሚባል ሁሉ።»

ይህን ጥያቄ ይዤ አያ መርሻ ቤት ሄድሁ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። «ይህም ጥያቄ ሆኖ?» አሉኝ። «እስከ ሰባት ቤት ነዋ። አባቶቻችን ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት አይደል የሚቆጥሩት? አማችም ዘመድ ነው። የክርስትና ልጅም፣ የጡት ልጅም አለ፤ እንዳትረሳቸው።» ደስ ብሎኝ ተመለስሁ። የጠፋብኝን መለኪያ ያገኘሁ መሰለኝ። ጉዳዩ በኮሚቴ ቀረበ፤ አንድም ሰው ይበዛል አላለም። ያደግንበት ልክ ስለሆነ ለማንኛችንም ትክክል መስሎ ታየን።

ለየዘሩ አንድ አንድ ቡድን አበጀንና በዘሩ አባት ስም «የእገሌ ቤት» እያልን ሰየምነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ በእናቱም በአባቱም እየቆጠረ ቤቱን ያስመዘግባል። «ዘመድ አይይብኝ» ያለ ሕመምተኛ ፋይል ላይ የቤቱ ስም ይለጠፋል፤ የዚያ ቤት ሰው ሐኪምም ቢሆን አይከፍተውም። ከልካዩ ያሸንፋል። ያን ሰሞን ሆስፒታሉ የሠርግ ቤት መሰለ። ነርሶቹ እናቶቻቸው ጋ እየደወሉ ይቆጥራሉ፤ የማይዋደዱ ሰዎች ሥጋ ሆነው ተገኙ። ዘበኛው አያ ገብሬ፣ ኮምፒዩተር ለማይነካ ሰው መመዝገብ ምን ይሠራል ብንላቸው አልሰማ አሉ፤ የአንድ የታወቁ አለቃ ዘር መሆናቸው ካልተመዘገበ በሩን አልጠብቅም ብለው አስመዘገቡን። ሳቅን፣ መዘገብን። እናኑም ባሕር ዳር መሄዷን ተወች። የሕክምናዋን ማጠቃለያ አምጥታ ሲስተሙ ውስጥ ከገባ በኋላ ወረቀቱን አቃጠለችው።

አንድ እሑድ ቀን ማክሰኝት ለዘመድ ሠርግ ሄጄ ነበር። ከበሮው ስልክ አያሰማም። ጥቂት አረፍ ባልሁበት ስልኬን ባየው የሆስፒታሉ ቁጥር ተደርድሮበታል። ስደውል ብርቱካን አነሣች። «ጋሼ፣ መምህርት እናኑ ወድቃ መጥታለች። ፋይሏን የሚከፍት ጠፋ» አለችኝ።

እናኑ የወደቀችው አማቷ ቤት ነው፤ የወሩ ማኅበር ተራቸው ደርሶ እንግዳ እያስተናገደች ሳለ። ባሏ፣ አማቷና የማኅበሩ ሰው ተጋግዘው አመጧት። ተረኛው ዶክተር ሰሎሞን ፋይሏን ሊከፍት ቁጥሯን ጻፈ። «ፈቃድ የለዎትም።» በአያቱ በኩል የጭልጋ ሰው ነው፤ የእናኑ እናትም ከዚያው የጭልጋ ቤት ናቸው። ነርሷ ሞከረች፤ እሷም እንደሱ። ከላይ ሌላ ሐኪም ጠሩ፤ እሱ ደግሞ የጌታነህን ዘመድ አግብቷል። በዚያ ቀን ተረኛ ከሆነው ሁሉ ከሚስቲቱ ወይም ከባልየው ጋር በሰባት ቤት የማይገናኝ አንድ ሐኪም አልተገኘም። ሰባት ቤት ከተቆጠረማ እዚህ አገር ማን ከማን ይተርፋል። ማገጃውን ማንሣት የምችለው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ያውም ቢሮዬ ካለው ኮምፒዩተር፤ የቢሮው ቁልፍ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነው።

ዶክተሩ ኮሪደር ወጥቶ ባሏን ጠየቀው። «ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጓት ያውቃል? የማይስማማት መድኃኒት አለ?» እናቱና የማኅበሩ ሰው ዙሪያውን ቆመዋል። ጌታነህ ወደ እናቱ አየና «የለም፣ ጤነኛ ናት» አለ። እናቱ «ምነው ትጠያየቃላችሁ፣ ልጄ ልትሞት ነው፤ መድኃኒት ስጧት» ብለው ጮኹ። የመጀመሪያው መርፌ አላቆመላትም፤ ሁለተኛ መድኃኒት ሰጧት። ብዙም ሳይቆይ ፊቷና ከንፈሯ አበጠ፣ ትንፋሿ ተያዘ። ከስንት መከራ በኋላ መለሷት።

እኔ በሚኒባስ አዘዞ ደርሼ፣ ከዚያም በባጃጅ በርሬ ስገባ ይህ ሁሉ ሆኖ አልቋል። ማገጃውን አነሣሁት። ዶክተር ሰሎሞን ፋይሉን ከፈተ። ከዚያ «ጋሽ አስማረ፣ አንድ መስመር ብቻ አንብብ» ብሎ ኮምፒዩተሩን ወደኔ አዞረው። በቀይ የተጻፈችው የመጀመሪያዋ መስመር ያንኑ ሁለተኛውን መድኃኒት በስሙ ጠርታ፣ በጭራሽ አይሰጣት ትላለች። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ።

«ዘመዷ ነህ ብሎ ነው የከለከለኝ» አለ ዶክተሩ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ደክሞታል። «ዝምድናችንን እኔም አላውቀው፣ እሷም አታውቀው። የነገረን ሲስተማችሁ ነው።»

በማግሥቱ አያ መርሻ ቤት ሄጄ ሁሉን ነገርኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «ሰባት ቤት የተቆጠረው ሰው ሥጋውን እንዳያገባ ነው» አሉ። «እኛ ሰው ሥጋውን እንዳያድን ቆጠርንበት። አንተም አጠፋህ፣ እኔም አጠፋሁ፤ ብቻህን አትሸከመው።» ከዚያ ምሳ ካልበላህ አትሄድም ብለው አስቀመጡኝ። ያን ዕለት ያ ምሳ ባይኖር ሥራውን እተወው እንደነበር ለልጆቼ እንኳ ነግሬ አላውቅም።

ሕይወት ባሕር ዳር ሆና በስልክ እየመራችኝ ቤቶቹን አፈረስናቸው። የአያ ገብሬን ስመ ጥር አለቃ ሳይቀር ሰረዝናቸው። አሁን ሕመምተኛው ከሠራተኛው መካከል የሚፈራውን ሰው በስሙ ይጠራል፤ ያ ሰው ብቻ ይከለከላል። ሕመምተኛ ፊቱ የተኛበት ሐኪም ግን የተዘጋውንም ፋይል መክፈት ይችላል። ለምን እንደከፈተው ይጽፋል፤ መክፈቱም ወዲያውኑ ለፋይሉ ባለቤት ይነገረዋል። ማገጃ የሚያነሣውም አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ብርቱካንን አሠለጠንኋት። የእናኑን ፋይል ግን እሷ ሳትፈቅድ መንካት አልፈለግሁም። ስለዚህ መናገር መቻሏን ስሰማ ወደ ተኛችበት ክፍል ወጣሁ።

ፊቷ እብጠቱ ገና አልወረደም። ጌታነህ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ መንደሪን ይልጥላታል። ባለበት መናገር ጨነቀኝ።

«ጌታነህ፣ አንድ ጊዜ ውጣልን» አልሁት።

ተነሣ። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። «ስለ ፋይሉ ከሆነ ልቆይ» አለ።

እናኑ ደነገጠች። እኔን አየችኝ፤ ነገርኸው ወይ ማለቷ ነው። አልነገርሁትም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

«የጠመኔው ካርቶን ሥር ሳንቃ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አላት ጌታነህ። ክኒኗን ከጠመኔ ካርቶን ሥር ደብቃ እንደምታኖር እኔ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። «ግድግዳው ክረምት ያረጥባል። ክኒንሽ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

«መቼ?» አለች።

«በተጋባን በመጀመሪያው ክረምት።»

ከትራሷ ቀና አለች፤ ኮሪደር ላይ የሆነውን ነርሷ ነግራታለች። «ታዲያ ዶክተሩ ሲጠይቅህ ምነው የለም አልኸው?»

«እናቴ ቆማ ነበራ» አለ። እጁ ላይ የያዘውን መንደሪን ያገላብጣል። «እንዳይታወቅብሽ ብለሽ ያንን ሁሉ መንገድ ስትመላለሺ ኖረሽ፣ እኔ በአንድ ቃል ላውጣብሽ? ዝም ማለት የሚያድንሽ መስሎኝ ነው። የማይስማማሽ መድኃኒት መኖሩን አላውቅም፣ እናኑ። እሱን አላውቅም ነበር።» እዚህ ላይ አልቻለም፤ እንባው መጣ።

በመርፌ የተወጋጋ እጇን ዘረጋችለትና ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ለሐኪም ሁሉ ክፈተው፣ ጋሽ አስማረ። እኔ መናገር ካልቻልሁ ባሌን ለብቻው ጠይቁት ብለህም ጻፍበት።»

ሲስተሙ ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ አልነበረውም። አበጅለታለሁ አልኋትና ልወጣ ተነሣሁ። በሩን ስስብ፣ እናኑ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ሰማኋት።

«ለእናትህ ግን እንዳትነግር።»

«እስከ ዛሬ መቼ ነገርኋት?» አላት።